የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መስቀል ተሸክሞ የአንድ ሳምንት የእግር ጉዞ

በእንግሊዝ አገር ክርስቲያኖች በምዕራባውያኑ ሰሙነ ሕማማት ትልልቅ የእንጨት መስቀል እየተፈራረቁ ተሸክመው አንድ ሳምንት ሙሉ በእግር የሚጓዙበት ልማድ እንዳለ ባለፈው እትማችን በአጭሩ ጠቅሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች በርካታ ስለሆኑ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አጣምረን፣ ረዣዥሞቹንም አሳጥረን አቅርበናል፤ ጸሐፊዎቹ በጠየቁን መሠረትም ስማቸውን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በሌስተር ከተማ በነርስነት የምሠራ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነኝ። አብራኝ የምትሠራ ካቶሊክ ጓደኛዬ በየዓመቱ በፋሲካቸው ሰሞን መስቀል ይዘው ወደ ዎልሲንግሃም ከሚሄዱት ጋር ትጓዛለች፤ አሁን ደግሞ በ2019 ዓ.ም. አብረን እንድንሄድ ጠይቃኛለች። ልቤ ፈቅዷል። ነገር ግን የእነርሱ ፋሲካ ከእኛ ጋር ስለማይገጥም፣ ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን የሚውሉበትን 2020 ዓ.ም. ብጠብቅ አይሻልም ወይ? ደግሞስ ከእነርሱ ጋር መጓዝ ለእኔ የተገባ ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ጉዞውን ለማያውቁ አንባቢያን ስንል በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ዎልሲንግሃም በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። በ1061 እ.ኤ.አ. ሪቼልዲስ ለተባለች ባለጸጋ ሴት እመቤታችን በራእይ ተገልጣላት፣ መልአኩ ብሥራቱን ያሰማበትን የናዝሬቱን ቤት አምሳያ በዚያ እንድትሠራ እንዳዘዘቻት በትውፊት ይነገራል። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ሳይቀሩ የሚሳለሙት ቦታ ነበር፤ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ራሱ በወጣትነቱ በባዶ እግሩ ሄዶ ተሳልሞታል ይባላል። በኋላ ከሮም ጋር ተለያይቶ በ1538 እ.ኤ.አ. መቅደሱን ያስፈረሰውም ይኸው ንጉሥ ነው። ቦታው ለረጅም ዘመን ጠፍ ሆኖ ከቆየ በኋላ አንግሊካኖች በ1931 እ.ኤ.አ.፣ ካቶሊኮች ደግሞ በ1934 እ.ኤ.አ. የየራሳቸውን መቅደስ አቋቁመው፣ ዛሬ ሁለቱ በአንድ ማይል ያህል ተራርቀው ይገኛሉ።

ጓደኛዎ የሚጓዙበት ማኅበር በአሁኑ ጊዜ ፒልግሪም ክሮስ ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ስቱደንት ክሮስ በሚለው የቀድሞ ስሙ ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ የጀመሩት ተማሪዎች ነበሩና። ተጓዦቹ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ በቡድን በቡድን ይነሣሉ። ሙሉውን ሳምንት የሚጓዙት 190 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያንና በመንደር አዳራሾች ወለል ላይ ያድራሉ፤ በስቅለት ዓርብ ሁሉም ዎልሲንግሃም ላይ ይገናኙና ትንሣኤን በዚያው ያከብራሉ። መነሻው የካቶሊኮች ቢሆንም ዛሬ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሚመጡትንም ይቀበላል፤ ስለዚህ እርስዎን ማንም እንደ ባዕድ አያይዎትም።

ለእኛ ሰው መጀመሪያ እንግዳ የሚሆንበት አንድ ነገር አለ። እኛ ዘንድ ለገና ወደ ላሊበላ ወይም በመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም በእግሩ የሚሄድ ምእመን ድካሙን የሚታገሠው ለበዓሉ ለመድረስ ነው፤ መንገዱ በረከት ቢኖረውም ልብ ያለው ከታቦቱ ዘንድ ነው። በእነዚህ ሰዎች ጉዞ ግን አገልግሎቱ መንገዱ ላይ ነው። ጠዋት በጸሎት ይነሣሉ፣ በየመንገዱ እየቆሙ የጌታን የሕማም መንገድ የሚያስበውን ጸሎት፣ ፍኖተ መስቀልን፣ ይጸልያሉ፣ የተወሰነውን ሰዓት በዝምታ ይሄዳሉ፣ ማታም በተኙበት አዳራሽ ጸልየው ያድራሉ። በመካከሉ ይቀልዳሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ምሳቸውንም አንዳንድ ጊዜ መጠጥ ቤት ገብተው ይበላሉ። በሕማማት ሳቅ ያልለመደ ሰው ይህ ሊከብደው ይችላል፤ ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። አብዛኛው ሰው እንደ እርስዎ ሁለቱ ፋሲካዎች የሚገጥሙበትን ዓመት መጠበቅ ተገቢ ይመስለዋል። የእኔ ምክር ተቃራኒው ነው፤ የማይገጥምበት ዓመት ለእርስዎ ይሻላል። በ2020 ዓ.ም. ሁለቱም ሚያዝያ 8 ቀን ይውላሉ። በዚያ ዓመት ከተጓዙ የራስዎን ሰሙነ ሕማማት በሙሉ ከቤተ ክርስቲያንዎ ርቀው ያሳልፋሉ፤ ግብረ ሕማማቱ ሲነበብ አይሰሙም፣ የስቅለትን ስግደት ከወገንዎ ጋር አይሰግዱም፣ በጸሎተ ሐሙስ ለመቍረብ ተዘጋጅተው ከነበረም ይቀርብዎታል። ትንሽ የሚመስል ሌላ ችግርም አለ። የይሁዳን ሰላምታ በማሰብ እኛ በሕማማት እጅ አንጨባበጥም፣ አንሳሳምም፤ እነርሱ ግን በቅዳሴያቸው መካከል እርስ በርስ ተጨባብጠው የሰላም ምልክት ይለዋወጣሉ፤ ከሃያ ሰው ጋር ውለው እያደሩ ለእያንዳንዱ እጅ የማይሰጡበትን ምክንያት ሲያስረዱ ሳምንቱ ያልቃል።

በ2019 ዓ.ም. ግን የእነርሱ ሆሳዕና መጋቢት 12፣ ስቅለታቸው መጋቢት 17፣ ፋሲካቸው መጋቢት 19 ቀን ነው። የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ስለሚውል፣ የእነርሱ ሆሳዕና የሚውለው በዐቢይ ጾማችን በሦስተኛው እሑድ፣ በምኩራብ ነው። ስለዚህ ሄደው፣ ደክመው፣ ተመልሰው፣ ደብረ ዘይትንም ሆሳዕናንም ሕማማትንም በራስዎ ደብር በሙሉ ኃይልዎ ያደርሳሉ። አንዳንዱ ቡድን ጉዞውን ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ምሽት ይጀምራል፤ ያ ዓርብ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 10፣ ቅዱስ መስቀሉ የተገኘበት መታሰቢያ ነው፤ መስቀል ተሸክሞ ለመነሣት ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም።

ከሥራ ስለሚወስዱት የዕረፍት ፈቃድም ልጥቀስ። የእነርሱ ስቅለት ዓርብና ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው ሰኞ በእንግሊዝ የሕዝብ በዓላት ስለሆኑ፣ ተረኛ ካልሆኑ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ላሉት አራት ቀናት ብቻ ፈቃድ ቢጠይቁ ይበቃዎታል። የእኛ ስቅለት ግን እዚያ አገር የሥራ ቀን ነው፤ ፈቃድዎን በጉዞው አይጨርሱት።

መጓዝ የተገባ ነው ወይ ላሉት፣ የሚወስኑት የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ ከመመዝገብዎ በፊት ያማክሯቸው። አብሮ መሄድ፣ ወንጌል ሲነበብ መስማት፣ መስቀሉን በተራ መሸከም አንድ ነገር ነው፤ ቁርባን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከካቶሊክም ሆነ ከአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት ጋር የቁርባን አንድነት የላትም። እዚህ ላይ የሚያደናግር ነገር ይገጥምዎታል፤ የካቶሊክ ሕግ ኦርቶዶክሳዊ ምእመን በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና ከተዘጋጀ እንዲቍረብ ስለሚፈቅድ፣ አንድ ደግ ቄስ "ለእርስዎኮ ይፈቀዳል" ሊልዎት ይችላል። ቄሱ የተናገሩት በእነርሱ ሕግ ትክክል ነው፤ በእኛ ግን አይደለም። በእንግሊዝ የማይቈርብ ሰው ሁለት እጁን በደረቱ ላይ አመሳቅሎ ቀርቦ ቡራኬ የሚቀበልበት ልማድ አለ፤ ይህንንም ካልፈለጉ በመቀመጫዎ መቆየት ነውር የለበትም። የሚሻለው ግን የቡድኑን መሪ በመጀመሪያው ቀን አግኝተው "እጸልያለሁ፣ እሸከማለሁ፣ አልቈርብም" ብሎ በአጭሩ መንገር ነው። ሐሙስ ማታ የጥያቄና የማብራሪያ ሰዓት አይደለም።

ሐሙስን ካነሣን፣ በዚያ ምሽት የሚደረገው ሕፅበተ እግር ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ካህናት የወይንና የወይራ ቅጠል ይዘው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በጉዞው ላይ ግን ሳፋው ውስጥ የሚገባው እግር ሳምንቱን ሙሉ የተጓዘ፣ ፕላስተር የተለጠፈበት፣ ጥፍሩ የጠቆረ እግር ነው፤ አጣቢው ፕላስተሩን በቀስታ ሲያነሣ ባለእግሩ ጥርሱን ነክሶ ይይዛል። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው መንገደኞች ስለነበሩ መሆኑን ሰው የሚያስታውሰው እንዲህ ያለውን ሲያይ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። በጉዞው ላይ ይህን ይዤ በቀን ሠላሳ ኪሎ ሜትር መሄድ እችላለሁ? የሚቀርበው ምግብስ የጾም ነው? (ከለንደን)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ የጾም ምግብ ይኖራል ብለው አይሂዱ። ካቶሊኮች በስቅለት ሥጋ አይበሉም፣ ይጾማሉም፤ በቀሩት የሕማማት ቀናት ግን ወተት፣ አይብና እንቁላል በገበታቸው ላይ አለ። ዓሣ ደግሞ ለእነርሱ የጾም ምግብ ስለሆነ "ለጾመኛው" ብለው በደስታ ሊያቀርቡልዎት ይችላሉ። የመመዝገቢያው ቅጽ ስለ ምግብ ሲጠይቅ "ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጾማለሁ" ብሎ መጻፍ ለወጥ ቤቱ ምንም አይነግረውም። "ቪጋን" ብለው ይጻፉ፤ ይህች አንዲት ቃል እንግሊዝ አገር ውስጥ ብዙ በር ትከፍታለች። እንዲያም ሆኖ ሾርባው ውስጥ ክሬም፣ ዳቦው ላይ ቅቤ እንዳይኖር መጠየቅዎን አይተዉ። በስቅለት ዕለት በየመንደሩ የሚታደለው መስቀል የተሣለበት ጣፋጭ ዳቦ፣ ሆት ክሮስ በን የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወተትና ቅቤ አለበት።

ስለዚህ የራስዎን ስንቅ ይቋጥሩ። የአባቶቻችን የመንገድ ስንቅ ለዚህ ጉዞ የተፈጠረ ያህል ነው። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፤ አፉ ሰፊ በሆነ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከጨው ወይም ከስኳር ጋር ጨምረው በደንብ ካናወጡት በአምስት ደቂቃ ምሳ ሆነ ማለት ነው። የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ፣ ጥቂት ለውዝና ተምር ይጨምሩበት። ለቡድኑ የሚሆን ተጨማሪ ቆሎ ቢይዙም አይቆጩም፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቦርሳዎን ያውቀዋል።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይጾም ስለሆነ በሁለቱ ቀናት ችግር የለም፤ ፈተናው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ጤነኛና ጾም የለመደ ሰው ረፋዱን በርትቶ ሊሄድ ይችላል፤ አደጋው ያለው ውሃ ሳይጠጡ መዋሉ ላይ ነው። መጋቢት ለእንግሊዝ ቀዝቃዛ ወር ስለሆነ ላብ እያላበዎት መሆኑ እንኳ አይታወቅዎትም፤ ራስ ምታቱና መንገዳገዱ የሚመጣው ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅ መስቀሉም ቡድኑም አብረው ይቆማሉ። የንስሐ አባትዎ ምግቡን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆይተው ውሃውን እንዲጠጡ ቢፈቅዱልዎት፣ ወይም ለዚያ ሳምንት ሰዓቱን ቢያሳጥሩልዎት፣ ደስ ብሎዎት ይቀበሉ። ሳይጠይቁ በራስዎ ፈቃድ መጨከን ግን ከእልህ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤቷ ጓደኞች ጋር ልሂድ እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች። ወንድና ሴት አንድ አዳራሽ ውስጥ እንደሚያድሩ፣ መጠጥ ቤትም እንደሚገቡ ሰማሁ። ሃይማኖታዊ ጉዞ ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ጨንቆኛል። (እናት፣ ከሊድስ)

መልስ፦ እኅታችን፣ የሰሙት ሁለቱም እውነት ነው፤ ጭንቀትዎንም ከንቱ ነው ብዬ አላቃልለውም። ወለሉ ላይ ሁሉም በየስሊፒንግ ባጉ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ የሴቶችና የወንዶች ቦታ ይለይ እንደሆነ እንደ አዳራሹ ስፋት ይለያያል። በእውነቱ ያን ያህል መንገድ ሄዶ የመጣ ሰው በሦስት ሰዓት ምሽት ከማንኮራፋት ሌላ አቅም የለውም፤ ነገር ግን ወላጅ በዚህ ብቻ ተጽናንቶ መተው የለበትም።

በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ስለመጠበቅ ጥብቅ ደንብ አላቸው። አዘጋጆቹን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ትቀበላላችሁ ወይ፣ ኃላፊነት የሚወስድ አዋቂ ማን ነው፣ ማደሪያዋ የት ነው፣ የልጆች ደኅንነት ኃላፊያችሁስ ማን ነው? ጥሩ አዘጋጅ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ መልሱ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቅዎት። መልስ ካጡ ወይም ከተድበሰበሰ ልጅዎን አይላኩ። መጠጥ ቤቱን በተመለከተ፣ በእንግሊዝ ገጠር ሰው ምሳ የሚበላበት፣ ዝናብ የሚያስጠልለው ቤት እርሱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለልጅዎ ሻይና ድንች ይሸጥላታል፤ ለ17 ዓመት ልጅ ግን አልኮል መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሙሉውን ሳምንት የማይጓዙ፣ በሳምንቱ አጋማሽ የሚጀምሩ አጫጭር ጉዞዎች ስላሉ፣ እርስዎ ራስዎ አብረዋት ለምን አይሄዱም? ልጅዎ መጀመሪያ ታኮርፋለች፤ ሁለተኛውን ቀን ግን የእርስዎን ቆሎ ፍለጋ መምጣቷ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ስድሳ አንድ ነው፤ ስኳር አለብኝ። ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ጋር ቁልቢ ገብርኤል በእግር ሄጃለሁና ይህም አያቅተኝም እላለሁ። ልጆቼ ግን አይሆንም ይሉኛል። (ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ አባታችን፣ በዚህስ ከልጆችዎ ጎን መቆሜን ይቅር ይበሉኝ። ስኳር ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰው የእግሩ ስሜት ሊደነዝዝ ይችላል፤ ጫማው ሲልጠው፣ ውሃ ሲቋጥር አይሰማውም፤ ሌላው ተጓዥ "አመመኝ" ብሎ የሚያወልቀውን ጫማ እርሱ ቀኑን ሙሉ ይሄድበታል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይም ኢንሱሊን፣ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ብዙ መራመድ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በድንገት ያወርደዋል። በቅርቡ የእግር ምርመራ ካላደረጉ በቅድሚያ ያድርጉ፤ ስንት ኪሎ ሜትር መሄድ እንዳሰቡም ለሐኪምዎ በግልጽ ይንገሩ። ጾሙን በተመለከተም ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ ቀንበር አትጭንም።

ሐኪሙ ከፈቀደ ግን እርስዎን የሚስማማ አንድ ማይል አለ። ከዎልሲንግሃም በፊት በአሥራ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራች ስሊፐር ቻፕል የምትባል ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። የጥንት ተሳላሚዎች ጫማቸውን እዚያ አውልቀው የቀረውን መንገድ በባዶ እግር ይሄዱ ነበር ይባላል፤ "የቆምህበት ስፍራ የተቀደሰ ነውና ጫማህን አውልቅ" የሚለውን ቃል ከቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ የምናውቀው እኛ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገንም። በስቅለት ዓርብ ልጆችዎ በመኪና እዚያ ያድርስዎትና ተጓዦቹ ሲደርሱ አብረዋቸው ይግቡ። እርስዎ ግን፣ አደራ፣ ጫማዎን እንዳያወልቁ።

ጥያቄ፦ ምን ምን ልያዝ? ጫማ ላይ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አለብኝ? (ከማንቸስተር)

መልስ፦ ውድ ጫማ አያስፈልግም፤ አዲስ ጫማ ግን ክልክል ነው። የሚሄዱበትን ጫማ ቢያንስ ለአንድ ወር ያህል በረጅም መንገድ ይለማመዱበት፤ ከመደበኛ ቁጥርዎም ግማሽ ቁጥር ቢሰፋ ይመረጣል፤ እግር በጉዞ ላይ ያብጣልና። የሱፍ ካልሲ ከጥጥ ይሻላል፤ ጥጥ እርጥበት ይዞ ቆዳን ይልጣል። እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት አንድ ቦታ ላይ የማቃጠል ስሜት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ አፍሮ ዝም ማለት ሳይሆን ቡድኑን አስቁሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው። ዝናብ የማያስገባ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ስሊፒንግ ባግና ወለሉ ላይ የሚነጠፍ ስስ ፍራሽ ይያዙ። ከባዱን ጓዝ አብዛኛውን ጊዜ መኪና ስለሚያደርስ ቀን ላይ በጀርባዎ የሚኖረው ትንሽ ቦርሳ ነው። ነጠላ መያዝ የሚፈልጉ እኅቶች ይያዙ፤ ሲሄዱበት ግን በመስቀሉ እንጨት እንዳይጠላለፍ ከጃኬቱ በታች ይሁን።

ጥያቄ፦ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም፤ መንግሥት በሰጠኝ ማደሪያ እኖራለሁ። ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያሉ ሰዎች አብሬያቸው እንድጓዝ ጋብዘውኛል። ብሄድ ጉዳዬን ይጎዳብኛል? (ስሙንና ከተማውን እንዳንገልጽ የጠየቀ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ በአገር ውስጥ በእግር መጓዝ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጉዳት የሚመጣው ሳያሳውቁ ከማደሪያ በመጥፋትና በኢሚግሬሽን ጽሕፈት ቤት ቀርበው የሚፈርሙበትን ቀን በማሳለፍ ነው። ለቀናት ከክፍልዎ ሲጠፉ ቦታውን እንደለቀቁ ተቆጥሮ ድጋፉ ሊቋረጥብዎት ይችላል። ስለዚህ ጉዞው ከመድረሱ ከበርካታ ሳምንታት በፊት ጠበቃዎን ያማክሩ፤ የማደሪያውን ኃላፊዎች በጽሑፍ ያስፈቅዱ፤ የፈቀዱበትን ደብዳቤም ቅጂውን ይዘው ይሂዱ። የጋበዝዎት ቤተ ክርስቲያን ካህን የጉዞውን ቀናትና ማደሪያዎች የሚገልጽ ደብዳቤ ቢጽፉልዎት ይረዳዎታል። ፊርማዎ በዚያ ሳምንት ውስጥ የሚውል ከሆነና ቀኑን እንዲቀይሩልዎት ካልተስማሙ፣ ከፊርማው በኋላ የሚጀምር አጭር ጉዞ ይምረጡ። ክፍያውን በተመለከተም አቅም እንደሌለዎት ሳያፍሩ ለአዘጋጆቹ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኒውካስል ነው። ዎልሲንግሃም ይርቀኛል፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ ተመሳሳይ ጉዞ አለ? ባሕር በእግር ይሻገራሉ የሚሉትስ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ኖርዘርን ክሮስ የሚባሉት ተጓዦች በዚያው ሳምንት መስቀል ተሸክመው ወደ ሊንዲስፋርን ይሄዳሉ፤ እንግሊዞች ቅድስት ደሴት የሚሏት ናት። በ635 እ.ኤ.አ. አይዳን የተባለ መነኩሴ፣ ከስኮትላንዷ ከአዮና ደሴት በንጉሥ ኦስዋልድ ጥሪ መጥቶ ገዳም መሠረተባት፤ ቅዱስ ካትበርትም በኋላ እዚያ ኖሯል። በ793 እ.ኤ.አ. ቫይኪንጎች ወርረው የዘረፉት ይህንኑ ገዳም ነው። ሐይቅና ደሴት ላይ የመሸጉ ገዳማትን ከጣና የምናውቅ ሰዎች የቦታው መንፈስ እንግዳ አይሆንብንም።

ደሴቲቱ በቀን ሁለት ጊዜ በባሕር ተከብባ ትቆረጣለች፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ አሸዋው ይገለጣል። በረጃጅም እንጨቶች ምልክት የተደረገበት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የተሳላሚዎች መንገድ በዚያ አሸዋና ጭቃ ላይ ያልፋል፤ ተጓዦቹ በስቅለት ዓርብ የሚሻገሩት በእርሱ ነው፤ ብዙዎችም ጫማቸውን ያወልቃሉ። የፋሲካ ቀን የሚወጣው ከሙሉ ጨረቃ ተነሥቶ ስለሆነ፣ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እንደሚገምተው፣ በዚያ ሰሞን የባሕሩ መሙላትም ሆነ መሸሽ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። ውሃው ርቆ ይሸሻል፤ ሲመለስ ግን በኃይልና በፍጥነት ነው።

ስለዚህ ብቻዎን ወይም ከጓደኛ ጋር ሆነው "እኔም ልሞክረው" ብለው እንዳይገቡበት። በይፋ የሚወጣው የመሻገሪያ ሰዓት የተዘጋጀው በአስፋልቱ ለሚሄዱ መኪኖች እንጂ በአሸዋው ለሚሄዱ እግረኞች አይደለም፤ በእግር የሚሻገር ሰው ውሃው ገና እየሸሸ ሳለ ተነሥቶ፣ መመለስ ከመጀመሩ በፊት ማዶ መድረስ አለበት። ከመንገዱ ጎን በእንጨት ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ የመጠለያ ጎጆዎች አሉ፤ የተሠሩትም ሰዓቱን የሳቱ ሰዎች ስለሚኖሩ ነው። ከቡድኑ ጋር ሲሆኑ ሰዓቱን የሚያሰሉ፣ ቦታውን የሚያውቁ መሪዎች አሉዎት፤ እነርሱ "አሁን" ሲሉ ይነሡ፣ "ዛሬ አይሆንም" ካሉም በአስፋልቱ ይሂዱ። ለኒውካስል ሰው የመመለሻው መንገድ ቀላል ነው፤ ከደሴቲቱ ወደ በሪክ ከተማ ከወጡ ባቡር ያገኛሉ። የደሴቲቱን አውቶቡስ ሰዓት ግን ቀድመው ይመልከቱ፤ እርሱም የሚሄደው ባሕሩ ሲፈቅድለት ነው።